መስቀሌን የት አደረስሽው?

ለሁለት ዓመት ያህል የሞቱ ሰዎችን ኮት ሳለብስ ኖርኩ። አስከሬን ገናዥ አልነበርኩም፤ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የምሠራ ተቀጣሪ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እጁ ላይ የተገኘውን ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው። እኛ አሳድገን፣ ፍሬም ውስጥ አስገብተን ለለቅሶው እናደርሳለን። ሟቹ ሹራብ ለብሶ የተነሳ እንደሆነ ሹራቡን አውልቄ ከረቫት ያለው ኮት አለብሰዋለሁ። ሦስት ኮቶች ነበሩኝ፤ ጥቁር፣ ሰማያዊና ግራጫ። የዚያ ሰፈር ወንዶች በሞቱ ቁጥር በእነዚያው ሦስት ኮቶች ይለቀስላቸው ነበር። አንገትና ኮሌታ አልገጥም ሲሉኝ አገጩን ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ይህንን ሥራ «ጽዳት» ይለው ነበር። ጠባሳ ይጸዳል፣ ማዲያት ይጸዳል፣ የዓይን ሥር እብጠት፣ የአፍ ዙሪያ መስመር፣ ኪንታሮት፣ ሁሉም ይጸዳል። የጠቆረውም ይቀላል። «ማለቴ ደንበኛ አምሮበት ማየት ነው የሚፈልገው፤ በቃ ክሊን አድርጊው» ይለኛል፣ የሚያኝከውን ማስቲካ ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው እያዞረ። ደግሞ ቅሬታ ያቀረበ ሰው አልነበረም። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጠላኝ ይህ ነው። የአባታቸውን ፊት ግማሹን አጥፍቼ ስሰጣቸው፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ እንዴት አምሮበታል!» ብለውኝ እንባቸውን እየጠረጉ ይወጡ ነበር። እኔም አሜን እላለሁ።

ታዲያ እኔ ሰዓሊ ነበርኩ። ለራሴ የምነግረው እንደዚያ ብዬ ነው። ላንቻ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ከአልጋዬ ይልቅ ሸራው ሰፊ ቦታ ይዞ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ቄራ እወርዳለሁ። ሥጋ ተሸካሚዎቹን፣ ደም የጠጣውን ሽርጣቸውን፣ የተከመረውን ቆዳ አነሳለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ ያነሳሁትን በቀለም እስላለሁ። አንድ ጊዜ ከሌሎች ወጣቶች ጋር በጋራ ባሳየነው ዐውደ ርእይ ላይ አንዲት የወይን ብርጭቆ የያዘች ሴት የደም ባልዲውን ሥዕል እያየች «ዋው፣ በጣም ሪል ነው!» አለችኝ። ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው ፊት ላይ ያለውን እውነት እያጠፋሁ፣ ቅዳሜ እውነት ፍለጋ ቄራ መውረዴ አንድም ቀን አልከነከነኝም። ሌላው ሰው አያይም፣ እኔ ግን አያለሁ ብዬ አምን ነበር።

ሰፈሩ መፍረስ ሲጀምር የፎቶ ቤቱ ገበያ ደራ። ለምትክ ቤት ፎርም ጉርድ ፎቶ የሚፈልገው ሰው ከበሩ እስከ አስፋልቱ ይሰለፋል። አንድ ቀን ከሰልፉ መሃል ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት በተላላኪነት ጡረታ የወጡ እናት ገቡ። ግንባራቸው ላይ መስቀል ተነቅሰዋል፤ አንገታቸውም ላይ ንቅሳት አለ። በርጩማው ላይ አስቀምጬ አገጫቸውን በሁለት ጣቴ ቀና አደረግሁና አነሳኋቸው።

ከዚያ ወደ ጽዳቱ ገባሁ። መጀመሪያ የፊታቸውን ሽብሽብ፣ ቀጥሎ የአንገታቸውን ንቅሳት መስመር በመስመር፣ በመጨረሻም መስቀሉን። አጥፊው ያለኝ ሰው የለም። እናቶቻቸውን ይዘው የሚመጡ ልጆች ግን ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብለው «ያቺን የገጠር ነገር አጥፊልን» ሲሉኝ ስለከረሙ እጄ ለምዶ ነበር፤ ግንባር ላይ ምልክት ሲያይ ሳላዘው ይሄዳል። ሠርቼ ስጨርስም በዋናው ፎቶ ላይ ደርቤ አስቀመጥኩት። ኮምፒውተሩ ሞልቷል ተብሎ ያልጸዳውን ማስቀረት ተከልክሎ ስለነበር፣ ሁላችንም የምንሠራው እንደዚያ ነው።

ፎቶውን ስሰጣቸው መጀመሪያ አርቀው፣ ቀጥሎ አስጠግተው አዩት።

«ልጄ፣ ይቺ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት እማማ። አምሮብዎታል እኮ!»

«መስቀሌን የት አደረስሽው?»

«ለፎርም ሲሆን ጥርት ማለት አለበት እማማ። አለዚያ አይቀበሉም» አልኳቸው። ነጭ ውሸት ነው። ማንም እንደዚያ ብሎ አያውቅም።

ግንባራቸውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት፤ መኖሩን ለማረጋገጥ ይመስለኛል። «እነሱ ካሉ እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ፎቶዎቹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ወጡ። ከሄዱ በኋላ ያሉትን ለባለቤቱ ነገርኩት። ተሳሳቅን።

ከሰባት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ ገና በሩን እንደከፈትን አንዲት ጥቁር የለበሰች፣ ወደ አርባ ዓመት የምትጠጋ ሴት ገባች። አስተማሪ ናት። እናቷ ማታ አርፈዋል፤ ቀብሩ በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ቂርቆስ ነው። ከቦርሳዋ ትንሿን ጉርድ ፎቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ወዲያው አወቅኋት። የእኔው ሥራ ናት።

«ቤታችን ፈርሶ ዕቃ ስናጓጉዝ አልበሞቹን ዝናብ መታቸው፤ ተጣብቀው ቀሩ። የቀረችን ይቺ ብቻ ናት» አለችኝ። «ግን እዚህች ላይ መስቀሏ የለም። ዋናው አላችሁ አይደል? መስቀሏ ያለበት?»

እንደሌለ እያወቅሁ ፈለግሁ። አንዱን ፋይል ከፍቼ ሌላውን እዘጋለሁ፤ እሷ ከኋላዬ ቆማ ታያለች። ሰው ፊት እንደዚያ የማስመሰል ሥራ ስሠራ የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን መቀጠል አልቻልኩም። በመጨረሻ ዞሬ «የለም» አልኳት። «አጥፍቼዋለሁ።»

ባለቤቱ ጣልቃ ገባ። «ችግር የለውም፣ ማለቴ ቀላል ነገር ነው፤ ከኢንተርኔት አንድ መስቀል አውርደን እንለጥፍበታለን» አለና ራሱ ተቀምጦ ለጠፈው። ጉልላት ላይ የሚሰቀል ዓይነት፣ ጥልፍልፍ ያለው መስቀል ነው። አሳድጎ አተመና ዘረጋላት።

ሴትየዋ ፎቶውን አየችው። «የእናቴ ግንባር ፖስታ ነው እንዴ ቴምብር የምትለጥፉበት?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ባለቤቱ ማስቲካውን ማኘክ አቆመ።

ያኔ ነው ሰዓሊ መሆኔ ትዝ ያለኝ። በእጄ እስለዋለሁ አልኳት፤ መስቀል የሌለበትን አሳድጌ ላትመውና በቀለም ልሥራው። «ምን ዓይነት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት።

ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺ አይደለሽ ያጠፋሽው? አታስታውሺውም?»

አላስታውስም። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። እግሮቹ እኩል ነበሩ? ጫፋቸው ላይ ነጥብ ነበረው? የአንገታቸው መስመር ስንት ነው? ከዚያ ፊት ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል አፍንጫ ለአፍንጫ ተቀምጫለሁ፤ እያንዳንዷን መስመር አሳድጌ ስደመስስ ነበር። ግን ምንም አላየሁም። የቄራን የደም ባልዲ እጀታ ማንም ቢጠይቀኝ ዝገቱን ጭምር እነግረዋለሁ፤ የእኚያን እናት ግንባር ግን አላውቀውም። ራሴን እንደዚያን ቀን ተጸይፌው አላውቅም።

እሷም ስትሞክር አቃታት። «መሃል ላይ... ትንሽ... እንደዚህ...» ብላ በጣቷ አየሩ ላይ ጀመረችና ተወችው። «ዕድሜዬን ሙሉ ስስመው የኖርኩት ግንባር እኮ ነው» ብላ አለቀሰች። ቆይታ እንባዋን ጠረገችና «አክስቴ አለች። እሷና እማዬ አንድ ቀን፣ በአንድ ሴት እጅ ነው የተነቀሱት» አለችኝ።

የታተመውን ፎቶ በካርቶን ጠቅልዬ፣ ሁለት ቀጫጭን ብሩሽና ሦስት ቀለም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ካሜራዬንም በልማድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተከተልኳት። እስከ ስታዲየም በታክሲ፣ ከዚያ በእግራችን።

ድንኳኑ ቂርቆስ የአክስቷ ደጅ ላይ ተጥሏል። የእድሩ ወንበሮች ሞልተዋል። ሰው ሁሉ ደረቱን እየመታ በሚያለቅስበት መሃል ብሩሽና ቀለም ይዞ ማለፍ ምን ዓይነት ውርደት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። አክስትየዋ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ጥቁር ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ድረስ አውርደዋል። አስተማሪዋ ጆሯቸው ሥር ስትነግራቸው ካርቶኑን ገለጥኩት። አዩት።

«ይቺ ማናት?» አሉ።

እህታቸው ያኔ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው፤ ድምፁም ራሱ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ «እማማ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ግንባርዎን ልይና ልመልሰው» አልኳቸው።

የሚረግሙኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢረግሙኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፉት። ማልቀስ አቁመው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ሳይነቃነቁ ተቀመጡልኝ። ለእኔ ብለው ለቅሷቸውን አቋረጡ።

የሰው ግንባር መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው ብል አላጋነንኩም። መስቀሉ ጥላሸትም አረንጓዴም የማይባል ቀለም አለው። ዳር ዳሩ ከቆዳው ጋር ሟሙቷል። ጫፎቹ እንደ ወፍ እግር ተከፍለዋል። ቀለሙን በጣቴ ጥፍር ላይ አደባልቄ ቀስ እያልኩ ሳልኩት፤ ሲያልቅ አሳየኋቸው።

«ልክ ነሽ፣ የኔ ነው» አሉ። «የእሷ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። የመንቀሻው እሾኽ ሲነካት ጮኻ ወደ ግራ ዞረች። ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ አመለጠችኝ። የታችኛው እግሩ ወደ ቅንድቧ ዘመም ይላል።»

በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ አዘመምኩት። «አንገቷስ?» ስል ጠየቅሁ።

«እኔ አራት ነኝ። እሷ ሦስት ተኩል ናት። አራተኛው ግማሽ ላይ ሲደርስ ተነሥታ ሮጠች፤ እስከ ወንዙ ድረስ አባረርናት!» አሉና ሳቁ። በዙሪያቸው የተቀመጡት ሴቶችም በለቅሶው መሃል ሳቁ። እኔ ሦስት ተኩሉን ሳልኩ።

አስተማሪዋ ፎቶውን በሁለት እጇ ተቀብላ አየችው። ከዚያ «እማዬ!» ብላ ጮኸች፤ ደረቷ ላይ ይዛው ወደ ድንኳኑ ወጣች። ውጭ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። የሰረቅሁትን ነው የመለስኩት፤ ያውም ከሌላ ሰው ግንባር ላይ ቀድቼ።

ሥራውን በማግስቱ ለቀቅሁ ብዬ ብጽፍ ለእኔ ያምርልኝ ነበር። አልለቀቅሁም። አራት ወር ቆየሁ። በመጀመሪያው ሰኞ ግን የድሮዎቹን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሁሉም ያበራሉ። በአንዳቸውም ፊት ላይ የቀረ ነገር የለም፤ የሚመለስም የለም። የቄራውን ሥዕሎች ደግሞ ግድግዳው ላይ ማየት ስላስጠላኝ ፊታቸውን አዙሬ አስቀመጥኳቸው፤ እስከ ዛሬ እንደዚያው ናቸው።

በቀብሩ ዕለት ግን ገና ከአክስቷ ቤት አልወጣሁም ነበር። ብሩሾቼን እየጠራረግሁ ሳለ ሴቶቹ ለቀብር ሊነሡ ነጠላቸውን ያጣፋሉ። አክስትየዋ አልተነሡም። ደረቴ ላይ ያለውን ካሜራ ያያሉ።

«ይሄ ይሠራል?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«እንግዲያው አንሺኝ።»

«አሁን? ዛሬ ደግሞ...»

«አሁን ነዋ! ነገ እኔም ስሞት ልጆቹ የሚሮጡት አንቺ ጋ አይደለም?»

ሻሻቸውን ወደ ኋላ እንደገፉት ነው። እንባቸውን አልጠረጉም፤ ነጠላቸውንም አላስተካከሉም። አገጫቸውን ቀና ለማድረግ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ መለስኩት። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁ።

«አሳዪኝ» አሉ።

ካሜራውን ተቀብለው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። በአመልካች ጣታቸው በትንሿ መስታወት ላይ ከሻሻቸው ጠርዝ ጀምረው እየዳሰሱ ወደ ታች ወረዱ። ግንባራቸው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አለ» አሉ። ካሜራውን ግን ቶሎ አልመለሱልኝም።