ፍሎራይድ ያስፈራው ቤት

ልጄ ሐና መጀመሪያ የሸሸችው ቀዝቃዛ ውሃን ነው። የከተማችን የመሐል ሜዳ የቧንቧ ውሃ የአዋቂንም ጥርስ ስለሚጠዘጥዝ ምንም አልጠረጠርኩም። ቀጥላ በግራ በኩል ማኘክ ተወች። አራት ዓመቷ ነበር። አፏን አስከፍቼ ሳይ የላይኛው መንጋጋ ጥርሷ ላይ ጥቁር ጉድጓድ፣ ድዷ ላይ ደግሞ ብጉር የመሰለ ነገር አየሁ። ለብ ባለ የጨው ውሃ አስጉመጠመጥኳትና ጥቂት ተሻላት።

በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና የማናቦርሻት ለምን እንደነበር ለማስረዳት አብሮን የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን፣ ገበሬውን ጋሼ ደምሴን ማስተዋወቅ አለብኝ። ጋሼ የተወለደው እንደኔው መንዝ ነው፤ ያደገው ግን ስምጥ ሸለቆ፣ አክስታችን ዘንድ ነው። እዚያ በጠጣው የጉድጓድ ውሃ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፤ ገሚሱም ተሸራርፏል። የውሃው ጥፋት ፍሎራይድ እንደሚባል ትምህርት ቤት ነግረውታል። ታዲያ እኔ ለልጄ በገዛሁት ሳሙና ላይ ያንኑ ስም ሲያነብ ጊዜ ሰማይ ምድሩ ዞረበት። «እኔን ያበላሸኝን ነገር፣ ታሽጎ ስለመጣ ልትገዢው ነው?» አለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይህ ነው። ስልኬ ላይም ቢሆን ፍሎራይድ መርዝ ነው የሚል ወሬ ሞልቷል። ከዚያ ወዲህ ሐና በመፋቂያ ብቻ ሆነች፤ ለብርዱ ብለን የምንሰጣት ሻይ ግን ከስኳር ጾሞ አያውቅም።

አንድ ጧት ፊቷ አብጦ ተነሣች። ግራ ዓይኗ ተደፍኗል። ግንባሯ ያቃጥላል። የመሐል ሜዳው ሐኪም አይቷት ወዲያው ወደ ደብረ ብርሃን ላከን።

መንገዱን አላስታውስም። ጋሼ ታቅፏት ነበር። አታለቅስም። አለማልቀሷ ነው ያስፈራኝ።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በጥንቃቄ ነካክታ አየቻት። «አብሴስ ነው፤ ጥርሷ ሥር መግል ቋጥሯል» አለችን። «ኢንፌክሽኑ ወደ ፊቷ ተሰራጭቷል። ሴሉላይተስ እንለዋለን። ወደ ዓይኗ ጉድጓድ ሳይገባ መድረስ አለብን።»

«ከገባስ?» አልኳት።

«ለዓይኗም፣ ለሕይወቷም ያሰጋል።»

በደም ሥሯ አንቲባዮቲክ ገባ። ጥርሱ ተነቀለ። መግሉ ወጣ። እኔ ጸለይኩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

እብጠቱ እየጎደለ ሄዶ ዓይኗ ጠበብ ብሎ ተከፈተና «ጋሼ፣ ራበኝ» ስትል፣ እናቷ እኔ አጠገቧ ቆሜ እሱን መጥራቷ ትንሽ ቢያስቀናኝም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም። ልንወጣ ስንል ሐኪሟ ሌሎቹም ጥርሶቿ መበስበስ እንደጀመሩ አሳይታን፣ በፍሎራይድ ሳሙና እንድናቦርሻት ነገረችን። ጋሼ ፊቱ ተለዋወጠ። ሊጣላት ነው ብዬ ተሳቀቅኩ።

«ዶክተር፣ እስቲ ይህንን ይዩልኝ» ብሎ አፉን ከፈተላት። «ይህን ያደረገው ፍሎራይድ ነው። እንዴት ብለው ለዚች ሕፃን ያዙላታል?»

ሐኪሟ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ጓንቷን ለውጣ ጥርሱን አንድ ባንድ አየችለት። «እውነትዎን ነው፤ ይህ ፍሎሮሲስ ነው» አለችው። «በልጅነትዎ፣ ጥርስዎ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ቀን በቀን ጠጥተዋል። እኔ ለሷ የማዘው ጥርሷን ከላይ ነክቶ የሚተፋ ትንሽ ነገር ነው። ጨው ሲበዛ ወጡ አይበላም፤ ጨው ጭራሽ ይቅር ግን አንልም።»

«ብትውጠውስ?»

«ትንሽ ብትውጥ አይጎዳትም። በየቀኑ ብዙ ከዋጠች ግን አዲስ የሚወጡት ጥርሶቿ ሊዥጎረጎሩ ይችላሉ። ስለዚህ ብሩሹ ላይ የሚያደርግላት ትልቅ ሰው ይሁን። ለሷ የአተር ፍሬ ያህል፤ ሦስት ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ ያህል ብቻ።»

ሐና እሑድ እሑድ ትቆርባለች። ከቅዳሴ በፊት ጠብታ ውሃ አፏ አይገባም፤ ከቆረበችም በኋላ ያን ቀን አትተፋም። ጋሼ ይህንንም አንሥቶ ጠየቃት። «እንግዲያው የዋዜማውን ማታ አጥብቃችሁ አቦርሿት፤ የቁርባኑ ቀን ይለፍ፤ ጣፋጩን ብቻ ከልክሏት» አለችው።

እኔ ሁለቱንም ሳደንቃቸው እኖራለሁ። እሷ በትምህርቷ አልተኮፈሰችብንም፤ በሽተኛ ደጅ ተሰልፎ እየጠበቃት፣ የአንድ ገበሬን ፍርሃት እንደ ትልቅ ጥያቄ ተቀብላ መለሰች። ወንድሜ ደግሞ ስንት ዘመን ያፈረበትን ጥርሱን ለልጄ ሲል በሰው ፊት ገለጠ። እኛ የመንዝ ሰዎች ግትሮች ናችሁ እየተባልን የምንታማ ነን፤ እሱ ግን መልሱ ሲገባው «በሉ፣ አያያዙን ያሳዩኝ» ብሎ ብሩሹን ተቀበላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከራት በኋላ የሚያቦርሻት እሱ ነው፤ ሳሙናውን የሚያስቀምጠውም እጇ የማይደርስበት ቆጥ ላይ ነው፣ የእንጆሪ ጣዕሙን ስለምትወደው።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ የልጃችሁ ድድ ላይ ብጉር ካያችሁ የጨው ውሃ ያስታግሳል እንጂ አያድንምና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ፊት ካበጠ አንድ ቀንም አትጠብቁ። ስምጥ ሸለቆ የምትኖሩ ደግሞ ስለምትጠጡት ውሃ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ፍሎራይድ የምትፈሩ ከሆነ በፍርሃታችሁ አላፌዝም፤ እኛም ቤት ኖሯል። ግን ይዛችሁት ሂዱና ተከራከሩበት። ጋሼ ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ሰምቶ ቢመለስ ኖሮ ሳሙናውን መንገድ ላይ ይጥለው ነበር። ለሐኪሟ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።

ዘንድሮ፣ በስድስት ዓመቷ፣ የሐና የመጀመሪያ ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ወጣ። ነጭ ነው። ጋሼ በባትሪ እያበራ ብዙ ካየው በኋላ ወደ ደጅ ወጣ። ተከትዬው ብሄድ ያለቅሳል።

«ምን ሆንክ ጋሼ?» አልኩት።

«ለኔም በልጅነቴ እንዲህ የሚጠይቅልኝ ሰው በነበረ» አለኝ።