ወገብ የለሽ ጥይት

ሦስተኛዋን ጠመንጃ ይዤ ስገባ ባለቤቴ አልጮኸችም። እሷን የሚያውቅ ያውቃል፣ የሚያስፈራው ዝም ስትል ነው። መነጽሯን አደረገች፣ ጠመንጃዋን ከሰደፏ እስከ አፈሙዟ ቃኘቻትና፣

«እኔ ለዚህ ቤት አንድ አሮጌ ይበቃል ብዬ ነበር» አለች። «እሱም ቢሆን መተኮስ ካቆመ ቆይቷል።»

ከዚያ ፍርዱን ሰጠች። እስከ ገና ይህች ብረት ለቤቱ ሥጋ ካመጣች ትቀመጣለች፣ ካላመጣች ሦስቱም ይሸጣሉ። በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረችልኝ፦ «በክት ግን እቤቴ አይገባም።»

ይህ የሆነው ፈረንጆቹ 2021 በሚሉት ዓመት፣ ቅጠል ሲረግፍ ነው። በኮሮናው ሰው ሁሉ እቤቱ ተቀምጦ ዳቦ መጋገር ሲለምድ እኔ የድሮ የአደን ጠመንጃ መሰብሰብ ለመድኩ። ከእኔ የሚበልጥ ነገር ደስ ይለኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ እሱን ማግኘትም ቀላል አይደለም። ይህችኛዋ አያቴን ልትሆን ትችላለች። ከቃታዋ ሥር ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ወደ ላይ ሲሉት ጥይት ትጎርሳለች። ጥይቷ ሠላሳ ስምንት ሃምሳ አምስት ይባላል፤ ቀለሁ እንደ ዛሬዎቹ አንገቱ ጋ ጠበብ አይልም፣ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ነው። የምኖርበት የአሜሪካው ኦሃዮ ደግሞ አጋዘን በጠመንጃ ለሚያድን ሰው የሚፈቅደው እንዲህ ያለውን ወገብ የለሽ ጥይት ነው። ሕጉን ሳነብ ሆዴን ዳበስኩና፣ በመጨረሻ እኔንም የሚቀበል አገር ተገኘ አልኩ።

ጥይቱን ማግኘት ግን ጭንቅ ነበር። የሽንት ቤት ወረቀት ወደ ሱቁ ሲመለስ ጥይት አልተመለሰም። የእኔን ዓይነት ስጠይቅማ ሻጩ ልጅ ኮምፒውተሩን እንኳ ሳይነካ ሳቀ። ስለዚህ ኢላማ መተኮሻው ቦታ ሄጄ እተኩሳለሁ፣ ቀለሁን ተንበርክኬ እለቅማለሁ፣ ጋራዤ ውስጥ ባሩድና አረር እሞላዋለሁ፣ መልሼ እተኩሳለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የሚተኩስ ጎረምሳ የወደቅሁ መስሎት ሊያነሳኝ ሮጦ መጣ። እንዳላሳፍረው ብዬ ተነሳሁለት። እውነቱን ለመናገር እሱ ባይመጣ ብቻዬን የምነሳም አልነበርኩም።

ለአደኑ አንድ ወዳጄን ይዤ ሄድኩ። በዲቪ የመጣ ሙስሊም ነው፣ ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ ከእኔ ብዙ ያንሳል። ውሸት የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም፤ ይህ ለአደን ጓደኛ ከባድ ጉድለት ነው።

«ጋሼ፣ በጠመንጃ ማደን የሚፈቀድበት ሳምንት እኮ ጾምዎ ውስጥ ነው» አለኝ መኪናውን እየነዳ። «ላይበሏት ነው የሚገድሏት?»

«እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ሆና ከእኔ ጋር ትጾማለች።»

ትንሽ ነዳና፣ «በጥይቱ ወዲያው ከሞተችስ?» አለ።

«በክት ናት። እትዬህ በሩን አትከፍትም።»

«ካልሞተች?»

«ነፍሷ ሳትወጣ ደርሼ፣ በስመ አብ ብዬ አርዳታለሁ።»

«ማን ነው የሚደርሰው?» አለና ጉልበቴን አየው።

«እንግዲያው አንተ ሮጠህ እረዳት።»

«እኔ ካረድኩማ ቢስሚላህ ብዬ ነው። ያኔ እርስዎ ቤት መግባቷ ቀረ፣ እኔ ቤት ናት።»

ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መሮጥ የሚችለው ማረድ አይችልም፤ ማረድ የሚችለው መሮጥ አይችልም። ከሳትኩ ሥጋ የለም፣ አጥርቼ ከመታሁም ሥጋ የለም። ጎበዝ ተኳሽ በመሆኑ ጠመንጃውን የሚያጣ ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

የሄድንበት ከኒው አልባኒ ወዲያ፣ ገና መጋዘን ያልበቀለበት የበቆሎ ማሳ ነው። ባለቤቱ ድሮ ዎርዝንግተን አንድ ሕንፃ ውስጥ አብረን ጥገና የሠራን ፈረንጅ ነው። ሌሊቱን ስስ በረዶ ጥሎ አድሯል። የገደልነውን የምንጎትትበት ብዬ የልጅ ልጄ በረዶ ላይ የምትንሸራተትበትን የፕላስቲክ ስሌድ ተውሼ ይዣለሁ፤ ቀለሙ ሮዝ ነው። «ግራንፓ፣ ዶንት ብሬክ ኢት» ብላ፣ እንዳልሰብረው አስጠንቅቃ ነው የሰጠችኝ። ባልዲ ደፍተን ዛፎቹ ሥር ተቀመጥን።

አጋዘኗ ብቅ ያለችው በማሳው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ተነፈስኩ፣ አለምኩ፣ ቃታውን ሳብኩ። ወደቀች። ከዚያ አንገቷን ቀና አደረገች።

«በሕይወት አለች፣ ጋሼ» አለ ወዳጄ። «ቶሎ ይበሉ።»

ጠመንጃዋን ባዶ አድርጌ ዛፉ ላይ አስደገፍኩና ቢላዬን ይዤ ሮጥኩ። እኔ ሮጥኩ እላለሁ፤ ወዳጄ በኋላ ስጠይቀው «መቼ ጀመሩ?» ነው ያለኝ። ጥቂት እንደሄድኩ ጉልበቴ ቆመ። እሱ አጋዘኗን አየ፣ እኔን አየ፣ ስሌዱን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ።»

«የት?»

«ይቀመጡ እንጂ፣ እሷ እርስዎን አትጠብቅም።»

ተቀመጥኩ። ገመዱን ትከሻው ላይ አጋድሞ እንደ እርሻ በሬ ጎተተኝ። የታጨደው በቆሎ ጉቶ አንድ በአንድ መቀመጫዬን ሰላም እያለ አሳለፈኝ። ብርቱካናማ የአዳኝ ሰደርያ ለብሼ፣ ቢላዬን ማንንም እንዳይወጋ ወደ ሰማይ ቀስሬ፣ ሮዝ ስሌድ ላይ ሆኜ በኦሃዮ ማሳ ላይ አለፍኩ። ወዳጄ እያለከለከ «መጋዘን ውስጥ እንዲህ የሚከብድ ዕቃ በእጅ አያስነኩንም» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ «ይቅርታ፣ ጋሼ።» የማሳው ባለቤት ከትራክተሩ አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ለአጋዘኗ ይሁን ለእኔ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ከስሌዱ ተንከባልዬ ወረድኩ። አጋዘኗ አየችኝ፣ በእግሯም መሬቱን መታች። ያቺን ታህል ጊዜ ቀልድ የሚባል ነገር ጠፋብኝ። በስመ አብ ብዬ አረድኳት፣ ደሟ በረዶው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ አጠገቧ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ልፎክር አፌን ስከፍት የወጣው ሳል ነበር።

እቤት ስደርስ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ስታርዳት ነፍስ ነበራት?»

«ነበራት። ጊዮርጊስን።»

«አንተ የማልክበት ጊዮርጊስ እኮ ራሱ ጠበቃ ሳይፈልግ አይቀርም» አለችና ስልኳን አነሳች። ለወዳጄ ኮል አድርጋ ስፒከር ላይ አደረገችው። «ወንድሜ፣ እሱን ተወው፣ አንተ አትዋሽም። ሲያርዳት በሕይወት ነበረች?»

ሰውዬው ዝም አለ። ማሰቡ ነው፤ ላልዋሽ ብሎ ቃል ሲመርጥ እንዲህ ይቆያል። እኔ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ሦስቱ ጠመንጃዎቼ ተራ በተራ ከቤት ሲወጡ ታዩኝ።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ሁለቱ ሲገናኙ ቆሜ አይቻለሁ። ከሁለቱ በሕይወት መኖሯ የሚያስተማምነው አጋዘኗ ነበረች።»

ባለቤቴ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ዓይኗን ጠራርጋ «ፍሪዘሩን ክፈት» አለችኝ።

የገና ዕለት ወዳጄ መጣ። የጎተተው እሱ፣ የሚበላው እኔ። ለእሱ ዓሣ ተሠርቶለት ነበር፤ እሱን እየቆረሰ የእኔን ሰሐን አሻግሮ ያያል።

«ጋሼ፣ ለከርሞ ተኳሹም አራጁም እኔ ነኝ።»

«ይገባሃል። እኔስ?»

«እርስዎ ይጎትታሉ።»

ባለቤቴ ድስቱን አስቀመጠችና «እንግዲያው» አለች፣ «ያኔ የሚታረደው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ተነጋገሩ።»