የፈቲያ ቃል በአዴ ድንቅቱ አፍ

ሱሉልታ ውስጥ አዴ ድንቅቱ ሳይናገሩ ሰርግም ለቅሶም አያልቅም ነበር። የተጣላ ባልና ሚስት በእሳቸው አንድ ንግግር ይታረቃል፤ ሰውም ንግግሩን ይዞት ገበያ ይወጣል። ይህ ሁሉ ግን ፈቲያ እስክትመጣ ድረስ ነው።

ፈቲያ የአዴ ድንቅቱን ጓሮ ቤት ተከራይታ፣ አዲስ አበባ እየተመላለሰች የምትሠራ ልብስ ሰፊ ናት። ብዙ አታወራም። አዲስ አበባን የሚያሰፋው ማስተር ፕላን የሱሉልታን መሬት ሊወስደው ነው በተባለ ሰሞን፣ የአዴ ድንቅቱ ባል ኦቦ ደገፋ ደጃፍ ላይ ተክዘው፣ "ከዚህ ወጥተን የት ልንገባ ነው?" ሲሉ ሰማቻቸው።

"ከቤት መውጣትን ተከራይ ጠይቁ" ብላቸው አለፈች።

ኦቦ ደገፋ በሳቅ ፈረሱ። ከሳቁ ሰንብተው ነበር። እራት ላይ ደገሙት፤ ለጎረቤት ነገሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ወፍጮ ቤቱ ሁሉ "ፈቲያ እንዳለችው" ይል ጀመር።

አዴ ድንቅቱን ቅናቱ እንደ ቃር አቃጠላቸው። ባላቸው የእሳቸውን ቃል እንዲህ ደግመውት ያውቃሉ? ላም እያለቡ አጭር ነገር በልባቸው ይፈልጋሉ፤ የሚመጣላቸው ሁሉ ረጅም ነው።

ከዚያ ተቃውሞው ተነሣ። መንገድ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ። አንድ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ወጣቶች ጃለታ የሚባለውን ጎረምሳ አስቀድመው አዴ ድንቅቱ በር ላይ ቆሙ።

"አዴ፣ የከተማዋን ሴት ያስወጡልን። መሬታችንን የሚበሉት እነሱ ናቸው" አለ ጃለታ።

አዴ ድንቅቱ አባቱን አነሱ፣ አያቱን አነሱ፣ እንግዳ ስለማክበር ለመኑ። ማን ይስማቸው! አንዱ ድንጋይ አነሳ። ያኔ ያ የፈቲያ ቃል፣ ሳያስቡት፣ በኦሮምኛ ከአፋቸው ወጣ።

ጃለታ ቀጥ አለ። የአባቱ መሬት ተለክቶ፣ ቤተሰቡ ዛሬ ነገ ውጡ እንባላለን እያለ እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

"እንዴት አሉ?"

ደገሙለት። ድንጋይ የያዘው ልጅ ጣለው። እያጉረመረሙ ተመለሱ።

በማግስቱ ቃሉ "አዴ ድንቅቱ እንዳሉት" ተብሎ ከተማውን ዞረ። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ አላላቸውም። ፈቲያም ሰምታ፣ "በእርስዎ አፍ የበለጠ ያምራል" አለቻቸው፤ ከልቧ። ይሄ ባሰባቸው። እሷም ስትቀና ቢያዩ ይሻላቸው ነበር።

በመጨረሻ አንድ ለቅሶ ቤት፣ በሰው ፊት፣ ተነሥተው፣ "ያ ቃል የፈቲያ ነው" አሉ።

ሴቶቹ ተያይተው ፈገግ አሉ። "አይ አዴ፣ ትሕትናዎ!"

አዴ ድንቅቱ ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረችው ፈቲያ ከትከሻቸው የወረደውን ነጠላ መለሰችላቸው። እጇን አልገፉትም።