ሰባኪው የመሰከረለት ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ለልጆቼ እንኳን እስካሁን ሙሉውን አልነገርኳቸውም፤ የማፍርበት የራሴ ድርሻ አለበትና።

ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ጀርባ ባለ አንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። መዝገብ እይዛለሁ፣ መታወቂያ እጽፋለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሊቀመንበራችን ጓድ ደምሴ ይባላል፤ ኃይለኛ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሜን ሙሉጌታን ለውትድርና የላከው እሱ ነው። የሙሉጌታ ዕድሜ ገና አልደረሰም ነበር። እናቴ የክርስትና ወረቀቱን ይዛ ቢሮው በር ላይ ሁለት ቀን ቆመች። ጓድ ደምሴ ወረቀቱን ተቀብሎ እንኳን አላየውም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሻዩን እያቀረብኩለት በሆዴ እረግመው ነበር።

በሰፈራችን ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ አናጢ ነበሩ። የቡልቡላ ገበሬ ልጅ ናቸው። ሙያቸው አናጢነት ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በሰባኪነታቸው ነው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የቀበሌው መሰብሰቢያ አዳራሽ ከሆነ ወዲህ፣ የእምነታቸው ተከታዮች ሦስትም አራትም እየሆኑ በየቤቱ ይሰባሰቡ ነበር። እኛ ኦርቶዶክሶች ስለሆንን እዚያ ሄጄ አላውቅም። የእናቴን ቁም ሳጥን የጠገኑት ግን እሳቸው ናቸው።

አንድ ጊዜ ጓድ ደምሴ «ሕገ ወጥ ስብሰባ አድርገሃል» ብሎ ሦስት ቀን በቀበሌው እስር ቤት አቆያቸው። ሐሙስ ከሰዓት ሲፈቱ መዝገብ ላይ ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። በቀኝ እጃቸው ፈርመው፣ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። እሑድ ሰፈር ውስጥ ሲታዩ ያ ቀኝ ክንዳቸው በእንጨት ታስሮ፣ በጨርቅ ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰው። ደምሴ ሰባኪውን ደብድቦ ክንዱን ሰበረው ተባለ። ሌላ ነገር የጠረጠረ ሰው አልነበረም። እኔ ፊርማቸው ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን ነገሩን ማሰብ አልፈለግሁም፤ ደምሴ ሰብሮት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ጓድ ደምሴ ከበላዮቹ ጋር ተጣላና ከሥልጣኑ ተነሳ። ሊከሰስ ነው ተባለ። የክስ ነጥቦች የሚያሰባስብ ካድሬ ከበላይ ተልኮ መጣ። እኔንም ሲጠይቀኝ የሰባኪውን ክንድ ነገር አነሳሁለት።

«በዓይንሽ አይተሻል?» አለኝ።

የሙሉጌታ ደብዳቤ ከተቋረጠ አራት ወር አልፎት ነበር። «አይቻለሁ» አልኩ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩም።

ስብሰባው እሑድ ጠዋት ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጓድ ደምሴ ከፊት አንድ አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ጢሙን አልተላጨም። ካድሬው ክሱን ሲያነብ ሰዉ በየነጥቡ ያጨበጭባል። ድብደባው ላይ ሲደርስ፣ «ይሄ ብቻውን ልዩ ፍርድ ቤት ያስቀርበዋል» አለና ጋሽ ቶሎሳ እንዲመሰክሩ ጠራቸው። ድሮ ይሰብኩበት ከነበረው ቦታ ላይ ቆሙ።

«አስሮኛል፤ ሰድቦኛል። ይህ እውነት ነው» አሉ። «ክንዴን ግን እሱ አልሰበረውም። በተፈታሁ ማግስት ቡልቡላ የወንድሜን ቤት ቆርቆሮ ስመታ ከመሰላል ወድቄ ነው። ወጌሻም እዚያው ነው ያሸኝ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ካድሬው ፈርተው መስሎት፣ «አይዞዎት፣ ከእንግዲህ ምንም አያደርግዎትም» አላቸው።

«አልፈራሁም። ያልጨረስኩት ነገር አለ።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰዉ ደምሴ ሰበረው ሲል እሰማ ነበር። ወንድሞቼና እህቶቼ ስለዚህ ክንድ እያለቀሱ ሲጸልዩ አብሬ ተንበርክኬአለሁ። በአፌ አልዋሸሁም፤ ግን ዝም አልኩ። ለእምነቱ ክንዱ የተሰበረ ሰው መባሉን ወድጄው ነበር። ይሄን በሆዴ ይዤ ስድስት ወር ሙሉ ስለ እውነት ሰብኬአችኋለሁ። በድያችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

ከተከታዮቻቸው አንዷ፣ ሁሌ ከጎናቸው የማትጠፋ ሴትዮ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ጋሽ ቶሎሳ እስክትወጣ በዓይናቸው ሸኟት እንጂ አልጠሯትም።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «ጓዲት አልማዝ፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብለሽ ፈርመሻል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችኋል።»

ቃለ ጉባኤ የምይዝበትን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እኔ በጊዜው ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይህቺ ልጅ ያንን ወረቀት ባልጻፈች ነበር» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ጠይቋት፤ ግን አታስፈራሯት።»

«አይቻለሁ» ብዬ ብጸና ውሸታም የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ተነሳሁ። «አላየሁም» አልኩ። «ሲወራ ሰምቼ ነው። እንዲያውም ሲፈቱ በዚያው እጃቸው ሲፈርሙ አይቻለሁ።»

ጓድ ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ግን እሱን ማየት አልቻልኩም።

ያ ነጥብ ተሰረዘ። በሌሎቹ ጥፋቶቹ ጥቂት ወራት ታስሮ ተፈታ። እኔ በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ተባረርኩ። በዚሁ ሰሞን ጋሽ ቶሎሳ ቤታችን መጡ። እናቴ ግቡ ብትላቸውም ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ እንጀራሽን አሳጣሁሽ» አሉኝ።

የቆየ ንዴቴ ገነፈለ። «ለዚያ ሰው እንዴት ይመሰክሩለታል? ወንድሜን የላከው እኮ እሱ ነው!» አልኳቸው።

«እናትሽ የክርስትና ወረቀቱን ይዘው በደምሴ ቢሮ በር ላይ ሲቆሙ አይቻለሁ» አሉኝ። «ስለ ወንድምሽ የሚጠይቅ ሸንጎ የተገኘ ቀን ጥሪኝ። ደምሴ ፊት ቆሜ ያየሁትን እናገራለሁ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ልጇ በግፍ መሄዱን ከቤታችን ውጪ ያለ ሰው አፍ አውጥቶ ሲናገር የሰማችው ያን ቀን ነው።

ከተከታዮቻቸው አንዳንዶቹ ተቀይመው ለብዙ ጊዜ ርቀዋቸው እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን ስማቸውን ለማደስ ሲሉ ከማንም ጋር አልተከራከሩም። መስኮትና በር እየሠሩ፣ ለመጣላቸው ሰው እየሰበኩ ኖሩ።

ሙሉጌታ አልተመለሰም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላም ፈልገን አጣነው። ስለ እሱ የሚጠይቅ ሸንጎም ሳይገኝ ጋሽ ቶሎሳ አረፉ። ደምሴ ከእስር ወጥቶ እዚያው ሰፈር አረጀ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እጅ እንነሳሳ ነበር፤ ከዚያ አያልፍም። ይቅር ብዬዋለሁ ብል ዛሬም እዋሻለሁ። ግን ስለ ወንድሜ ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም። በዚያ ሰው ላይ የምናገረው ሁሉ ያደረገውን ብቻ ነው። ይህን ያተረፉልኝ ጋሽ ቶሎሳ ናቸው።