ሳሎናችን የመጡት የማናውቃቸው ሰዎች

ወንድሜ ኮምፒውተሩን ከሳሪስ ተሸክሞ የመጣ ዕለት እናቴ ቢሮ ሊከፍት መስሏት ነበር።

"ምን ልትጽፍበት ነው?" አለችው።

"ፊልም ልናይበት ነው፣ እማዬ።"

እናቴ ቡፌው ላይ የተቀመጠውን ቴሌቪዥን አየችው፤ ቀጥላ ኮምፒውተሩን፣ ከዚያ እኔን። "እንግዲያ ያኛው ምን ሊሆን ነው?" አለች።

እኔም አልገባኝም ነበር። ሚሌኒየሙን ካከበርን በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። አቃቂ በሰቃ አባታችን ባቆመው ቤት ሦስት ሆነን እንኖራለን፤ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠግን ኖሮ ካረፈ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ቃሊቲ አስተምራለሁ። ወንድሜ የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን ሁልጊዜ ፊልም ላይ ነበር። "ሆም ቲያትር" የሚባለውንም ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከሱ ነው።

ቅዳሜውን ሙሉ ገመድ ሲያገናኝ ዋለ። ዴኩንም የዲሹን ሳጥንም ከቡፌው አወረዳቸው። "ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በዚህ ነው የሚያልፈው" አለ ኮምፒውተሩን መታ መታ እያደረገ። "ፊልሙም፣ ዘፈኑም፣ የዲሹ ፕሮግራምም። ዋናው ይሄ ነው፣ እታለም። ቴሌቪዥኑ ማሳያ ብቻ ነው።" ሦስት ስፒከር ከፊት ለፊት፣ ሁለት ደግሞ ከሶፋው ኋላ ከፍ አድርጎ ሰቀለ። ባስ የሚሉትን ሳጥን ቡፌው ሥር ከተተው። ሲከፍተው ቡፌው ውስጥ ያሉት የሠርግ ብርጭቆዎች ተንጫጩ፤ እናቴ ሮጣ ሄዳ አቀፈቻቸው።

በዚያው ዕለት ፊልም ከፈተልን። ፊልሙ መሀል ላይ አንድ ሰው በር አንኳኳ፤ ድምፁ የመጣው ግን ከጀርባችን ነው። እናቴ ዞር ብላ "ማነው? ግቡ!" አለች። የገባ የለም። ተነሥታ በሩን ከፈተች። ደጅ ላይ ከውሻችን በቀር ማንም አልነበረም። ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በሳምንቱ የዕድር ዳኛው መጥተው "ቤቶች! ቤቶች!" እያሉ ሲጣሩ "ተዪው፣ ፊልሙ ነው" ብላ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ ሳትል ቀረች። ፊልም አልተከፈተም ነበር። ሰውየው ተቀይመው ሄዱ፤ ለይቅርታ ቤታቸው ድረስ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ድሮ ቴሌቪዥን ለማየት አንድ ቁልፍ መጫን በቂ ነበር። አሁን መጀመሪያ ኮምፒውተሩ እስኪነቃ መጠበቅ ነው። ከዚያ ማውዙን በሶፋው ክንድ ላይ እየገፉ ቀስቷን መፈለግ። ቀስቷ ደግሞ ትጠፋለች። ስትገኝ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይመጣል፤ "የስ" ብል አንድ ነገር ይዘጋል፣ "ኖ" ብል ሌላ ነገር ይዘጋል። አንዳንዴ ምስሉ መጥቶ ድምፁ ይቀራል፤ አንዳንዴ ምስሉ ሳይኖር የሰው ድምፅ ብቻ ከጥግ ያወራል።

"አስተማሪ አይደለሽ እንዴ?" ትለኛለች እናቴ።

አስተማሪ ነኝ። ግን ይህን ያስተማረኝ የለም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ወንድሜ ድራማውን ከፍቶልን ወጣ። ድራማው ሲያልቅ ሁለታችንም ምን መጫን እንዳለብን ስለማናውቅ ዝም ብለን ወሬያችንን ቀጠልን። ቆየት ብሎ ቴሌቪዥኑ ጨለመ፤ ከዚያ አንዲት ልጅ የምረቃ ጋዋን ለብሳ ብቅ አለች።

"ሌላ ፕሮግራም ጀመረ" አልኩ።

ልጅቱ ሄደችና በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የሚታጠብ ሕፃን መጣ። እሱም ሄዶ ሐይቅ ዳር የቆሙ ጎረምሶች መጡ፤ ከዚያ ነጭ ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊት። ማንም አይናገርም፤ አይንቀሳቀሱም። የሙታን ማስታወቂያ መሰለኝ። እናቴም እንደዚያው ሳይመስላት አልቀረም፤ "ነፍስ ይማር" አለች ቀስ ብላ። ግን ስም የለ፣ ዕድሜ የለ፤ የቀብሩ ቦታ አልተነገረ። ሕፃኑን እንደገና ሳየው ደግሞ የዱቄት ወተት ማስታወቂያ ነው ብዬ አሰብኩ።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" አለች እናቴ።

"እኔ እንጃ፣ እማዬ።"

ያን ጊዜ አባቴ መጣ።

ግራጫ ሱፍ ልብስ ለብሷል፤ ኮቱ ላይ አበባ ተሰክቷል፤ ክንዱን የያዘችው ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ናት። ሙሽራዋን አናውቃትም። ልብሱንም አናውቀውም። ፊቱ ግን የሱ ነው፤ በማሽን ተመትቶ ለሁለት የተከፈለው ቅንድቡ ሳይቀር። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነሣች። እኔ ደንግጬ ስነሣ ማውዙ ከሶፋው ክንድ ወደቀ፤ አባቴም ጠፋ። የተለመደው የኮምፒውተሩ ገጽ ተመለሰ።

"መልሺው!" አለችኝ።

መመለስ ከየት ላምጣ? ያገኘሁትን ሁሉ ተጫንኩ። ዘፈን ተከፈተ፤ ባሱ ቡፌውን አንቀጠቀጠው። እናቴ "ዝም አሰኚው!" ስትል ጭራሽ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።

ወንድሜ ሲመለስ ሁለታችንን በጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን አገኘን። ነገርነው። "እንቅልፍ ወስዷችሁ ይሆናል" አለ። እናቴ እንዲህ ስትባል አትወድም፤ "ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ሕልም ያያል?" አለችው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን ከፈተና ነገሩን አስረዳን፦ ለጥቂት ጊዜ ካልተነካ ያርፋል፤ ሲያርፍ ደግሞ ውስጡ ያሉትን ፎቶዎች እያወጣ ያሳያል። ዕቃው ያገለገለ ስለሆነ የድሮው ባለቤት ያልሰረዘው ፎቶ ይኖራል። "የአባዬ ግን ከየት ይመጣል? እኔ አላስገባሁም" አለ። ፎቶዎቹ የት እንደተቀመጡ ፈልጎ አጣቸው። እንግዲህ ያለን ምርጫ መጠበቅ ብቻ ሆነ።

ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። "ማንም እንዳይነካው" አለ ወንድሜ። የምረቃ ጋዋን የለበሰችው መጣች። ሕፃኑ መጣ። አሮጊቷ መጡ። የማናውቃቸው ዘመዶች በየተራ ሳሎናችን ገብተው ወጡ። እኔ ማየት እፈልግ እንደሆን አላውቅም ነበር። ባይመጣ እንደ ተሳሳትን ይቆጠራል፤ ቢመጣ ደግሞ ምን ልንለው ነው?

መጣ። ወንድሜ "አባዬ!" አለ።

እናቴ ዓይኗን ሳትነቅል "ልጅቷ ማናት?" አለች። የጠየቀችው እኛን አልነበረም።

ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። አባታችን ሌላ ልጅ ነበረችው? ያልነገረን ቤት ነበረው? ማናችንም በአፋችን አላወጣነውም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቆሜ ጠመኔ በእጄ ይዤ ምን ልጽፍ እንደነበር ጠፋኝ። እናቴ ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈነችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ነጠላውን ገልጣ ኮምፒውተሩን እንድከፍትላት ትጠይቀኝና እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። ሲመጣ ታየዋለች። ሲሄድ ትሸፍነዋለች።

ወንድሜ ሳሪስ ወርዶ ኮምፒውተሩን የሸጠለትን ሰው አነጋገረ። ሻጩ ዕቃውን የገዛው ሳሪስ አቦ አካባቢ ከምትኖር ሴት ነበርና ደወለላት። ወንድሜ ስልኩን ተቀብሎ ስለ ፎቶው ገና ሲጀምር ሴትዮዋ "ወይ ጉዴ፣ ሁሉንም ያጠፋሁት መስሎኝ ነበር" ብላ አፈረች። የአባታችንን ስምና ፋብሪካውን ሲነግራት ግን ስሙን ደግማ ጠየቀችው። ከዚያ "ቤታችሁ የት ነው? ልምጣ" አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች፤ ድፎ ዳቦ ይዛ። በር ላይ ስትቆም ሙሽራዋ መሆኗን ወዲያው አወቅኋት፤ ወፈር ብላለች እንጂ አልተለወጠችም። እናቴን ጉልበቷን ልትስም ዝቅ ስትል እናቴ ያዘቻት፤ ስማ አስቀመጠቻት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ፊቷን አየቻት። የአባታችንን መልክ እየፈለገች እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም ስፈልግ ነበርና።

"የማን ልጅ ነሽ?" አለቻት በመጨረሻ።

ሴትዮዋ የአባቷን ስም ተናገረች። እናቴ ስሙን ታውቀዋለች፤ ከአባታችን ጋር በአንድ ፈረቃ ይሠራ የነበረ፣ በሳንባ ሕመም የሞተ ሰው ነው።

"አባቴ አልጋ ላይ እያለ እሳቸውን 'ልጄን አንተ ዳርልኝ' አላቸው" አለች። "ሠርጌ ሲደርስ የአባቴን ቦታ ይዘው የዳሩኝ እሳቸው ናቸው። ልብሱም የአባቴ ነበር። ከቤታቸው በሥራ ቱታ መጥተው እኛ ቤት ነው የቀየሩት።"

"ለምን እኛ ቤት አልለበሰም?" አለ ወንድሜ።

"እኔም ያኔ ጠይቄያቸው ነበር። 'ቤቴ ሐዘን አለ' አሉኝ።"

እናቴ ሠርጉ መቼ እንደነበር ጠየቀቻት። ስትነግራት እናቴ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች፤ የድሮውን ፀጉሯን እንደምትፈልግ። "የእናቴ አርባ አልወጣም ነበር" አለች። "ፀጉሬን ተላጭቼ፣ ጥቁር ለብሼ መሬት ላይ ነበር የምተኛው። እሑድ ፈረቃ አለብኝ ብሎኝ ወጣ።"

የአማቱ አርባ ሳይወጣ ሠርግ ቤት የተገኘ ሰው ጎረቤት ምን እንደሚለው ሁላችንም እናውቃለን። ለሞተ ጓደኛ የገቡትን ቃል ማፍረስም ምን እንደሆነ እናውቃለን። ነገሩ ተፈታ ብዬ ልተነፍስ ስል የእናቴን ፊት አየሁ። የተፈታላት አይመስልም። "እሺ፣ ያኔስ ይሁን" አለች። "አርባው ካለፈ በኋላ ምን ከለከለው? ስንት ዓመት አብረን ተኛን።"

 ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ከቦርሳዋ ሲዲ አወጣች። "የሠርጉ ቪዲዮ ነው። ሲመርቁኝ አለበት" አለች።

አባታችን ከሞተ ወዲህ ድምፁን ሰምተን አናውቅም። ወንድሜ ሲዲውን ከተተ። አጃቢዎቹ፣ እልልታው፣ ዘፈኑ አለፈና አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። "ልጄ" አላት። "አባትሽ ዛሬ ቢያይሽ…" ብሎ አቆመ። ከዚያ ውለዱ ክበዱ ብሎ መረቃቸው። ድምፁ ቀጭንና ለስላሳ ነበር፤ ሕፃን እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ሰው ድምፅ።

"ይሄ እሱ አይደለም" አለች እናቴ።

እውነቷን ነው። አባቴ ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽኑን እየበለጠ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው፤ ቤትም ሲገባ ያው ነበር። "እንዴት አመሻችሁ" ሲል ከአጥር ወዲያ ያሉት ሰዎች "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው የመለሱለት ጊዜ አለ።

"እኛ ቤት ሲመጡ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚናገሩት" አለች ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ። "ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።"

ወንድሜ ጥፋቱ የሱ መሰለው። "ስፒከሩ ይሆናል" አለና ማስተካከል ጀመረ። ባሱን ጨመረ፤ አባቴ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወራ መሰለ። ባሱን ቀነሰ፤ ስልክ ላይ ያለ መሰለ። የፊቶቹን ስፒከሮች ሲዘጋቸው አባቴ ከኋላችን፣ ከመስኮቱ በላይ "ልጄ" አለ፤ አራታችንም ዞር አልን።

"የቱ ነው እሱ?" እያለ ወንድሜ ይጠይቀናል። እኔ አንዱን "ይሄ ነው" ስል እሱ "ከዚህ ወፈር ይል ነበር" ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። የማስታውሰውን ድምፅ የምሰማው ድምፅ እየሸፈነው፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ጠፋብኝ።

"ከፍ አድርገው" አለች እናቴ።

ከፍ አደረገው።

"ጨምር።"

ጨመረ። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤ ውሻው ጮኸ፤ "አባትሽ ዛሬ ቢያይሽ" የሚለው ድምፅ ግድግዳውን መታው። እናቴ እጇን ወደ ቴሌቪዥኑ አወናጨፈችና "ኧረ ቀስ በል አንተ ሰው፣ ጎረቤት ምን ይላል!" አለች። በሕይወት እያለ በየቀኑ የምትለው ነው። ካለች በኋላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እስከዛሬ መለየት አልቻልኩም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴትዮዋ ተነሥታ አቀፈቻት።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ቤተኛችን ሆነች። በየበዓሉ ከልጆቿ ጋር ትመጣለች፤ ልጆቿ እናቴን "እማማ" ይሏታል። ወንድሜ ፎቶዎቹን አግኝቶ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ሰጣትና የአባቴን ብቻ አስቀረ። እናቴ አንዳንድ ቀን ቪዲዮውን ክፈቱልኝ ትላለች። አንድ ጊዜ ከፍ አድርጉት፣ አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጉት ትላለች። ዝቅ ሲል ጠጋ ብላ ትሰማዋለች፤ ሌላ ሰው ቤት እንዲህ ሲናገር የኖረውን ሰው ልትተዋወቀው የፈለገች ትመስላለች። ለምን አልነገረኝም የሚለውን ግን አልተወችውም። ባሰበችው ጊዜ ሁሉ ትጠይቀኛለች፤ እኔም "እኔ እንጃ፣ እማዬ" እላታለሁ።