በጋቢ የጠቀለልኩት ወተት

ወተቴ ተመልሶ አያውቅም ነበር። በንጉሡ ዘመን ሱሉልታ ላይ፣ ከጎጃም መንገድ ዳር፣ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ከተከፈተ ጀምሮ በየማለዳው ተሰልፌ አስረክባለሁ። ተቀባዩ ሰውዬ የወተት ቢዶኔን ክዳን ከፍቶ ያሸታል፣ በማንኪያ ቀመስ ያደርጋል፣ ይቀበለኛል። ለሌላው ፊቱን ሲያጨማድድ ለእኔ ፈገግ ይላል። ይህንንም ሰልፈኛው ሁሉ እንዲያይልኝ እፈልግ ነበር። ኩራቴን አልደብቅም፤ በዚያ ዕድሜዬ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

ባሌ ሲሞት ሁለት ልጆች ትቶልኝ ሄደ። ወንዱ አሥራ ሰባት፣ ሴቷ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው በየሙያው በለጡኝ። እኔ በጣቴ የምፈርምበትን የወረዳ ደብዳቤ ወንዱ ልጄ ቆሞ ያነበዋል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ እኔ ፈርቼ ከምመለስበት መሻገሪያ እሱ እያፏጨ ፈረሱን ያሻግራል። ልጅቷ የትምህርት ቤት ልብሷን ራሷ ለክታ ሰፍታለች፤ የእኔ ስፌት ከእሷ አጠገብ ሲታይ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ይህን የምጽፍበትን ፊደል እንኳ ከብዙ ዓመት በኋላ ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። በዚህ ሁሉ እስቅ ነበር። ፊደሉን ይውሰዱት፣ ወተቱ የእኔ ነው እላለሁ በልቤ። ልጅቷማ ላም ማለብ አትችልም። የላሟን ጡት ገና ስትነካ ላሟ እግሯን ታነሳለች። ይህን ባየሁ ቁጥር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ መለኪያው መጣ። ቁጥር የተጻፈበት ቀጭን የመስታወት ዘንግ ነው። ወተት ውስጥ ሲጨምሩት ይንሳፈፋል፤ ወተቱ ከቀጠነ ግን ቀዩን መስመር አልፎ ይሰምጣል። ውሃ የቀላቀለ ሰው በእሱ ይታወቃል ተባለ። እኔም የአንዳንድ ጎረቤቶቼ ጉድ ሊፈላ ነው ብዬ ማልጄ ሄድኩ። የፈላው የእኔ ጉድ ሆነ።

ዘንጉ ወተቴ ውስጥ ሲገባ ጥልቅ አለ። ተቀባዩ አውጥቶ ጠረገውና ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ፊቴን ሳያይ፣ «እትዬ፣ ውሃ አለበት። አልቀበልዎትም» አለኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ቢሻን» ብላ ለጓደኛዋ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። በኦሮምኛ ውሃ ማለት እንደሆነ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ቢዶኔን አንስቼ ወጣሁ።

በማግስቱም ያው ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ ስሜ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ ተቀባዩ ነገረኝ። ወተቱን ቤቴ ገፍቼ ቅቤ ላወጣበት እችላለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም «ያቺ ውሃ የምትቀላቅለዋ» መባሉን ግን በምን እችለዋለሁ?

ቤት ስገባ ልጄ ከደብተሯ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ውሃ ጨምረሽበት ነበር?» አለችኝ።

ሰልፈኛ ቢጠረጥረኝ ሰልፈኛ ነው። ከሆዴ የወጣች ልጅ እንዲህ ስትለኝ ግን ሌላ ነው። ምሳዋን ከፊቷ አስቀመጥኩላት እንጂ ብዪ እንኳ አላልኳት። እሷ መጠየቋን አልተወችም። ስንት ሰዓት እንደማልብ፣ ከየትኛዋ ላም እንደምጀምር፣ ቢዶኑን በምን እንደምሸፍን ጠየቀችኝ።

«በአባትሽ ጋቢ ነዋ!» አልኳት ተናድጄ።

እኛ ዘንድ ለከበረ እንግዳ ወተት የሚቀርበው እንደታለበ፣ በትኩሱ ነው። ቀዝቃዛ ወተት የሰነፍ ሴት ወተት ነው። ቤቴ ለጣቢያው ቅርብ ስለሆነ እኔም በጋቢ ጠቅልዬ፣ አረፋው ሳይጠፋ አደርሰው ነበር። ማንም እንደ እኔ አያደርስም።

«ነገ አንቺ ቅሪ፤ እኔ ባዶ እጄን ደርሼ ልምጣ» አለች። ሄደችና ሰልፉ ውስጥ ገብታ የሴቶቹን ቢዶን ከጀርባቸው ስታወርድላቸው አረፈደች። ስትመለስ እንዲህ አለችኝ፦ «ሁሉንም እያወረድኩ ነካሁት። ከእንጦጦ ሥር ሁለት ሰዓት ተጉዞ የሚመጣው ወተት ቀዝቅዞ እጅ ይቆረጥማል። ትኩስ የምታመጪው አንቺ ብቻ ነሽ። ፈሳሽ ሲሞቅ ደግሞ ክብደቱ ይቀላል፤ ተምረነዋል። ዘንጉ የሚሰምጠው ለዚያ ይመስለኛል።»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አልኳት። «መጀመሪያ ላም ማለብ ተማሪ።»

ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁ። እሷ ግን ሳቀች። «እሱስ አልሆነልኝም» አለች።

በማግስቱ የአንዲቱን ላም ወተት አለብኩና ለሁለት ቢዶን ከፈልነው። አንዱን እንደ ልማዴ በጋቢ ጠቀለልኩት። ሌላውን ወንዱ ልጄ ከቤታችን በታች ባለው ምንጭ ውስጥ እስከ አንገቱ ነክሮ፣ እስኪቀዘቅዝ አጠገቡ ተቀመጠ። ተራችን ሲደርስ ልጅቷ ቀደም ብላ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም የአንድ ላም ወተት ናቸው። እባክዎ ለየብቻ ይለኩልን» አለችው።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። መጀመሪያ የጋቢውን ለካው፤ ሰመጠ። ከሰልፉ አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። ቀጥሎ የምንጩን ለካው። ዘንጉ ቀዩ መስመር ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰውዬው ሁለቱን ቢዶኖች በመዳፉ ዳሰሳቸው። የጋቢውን ቢዶን ቀዝቃዛ ውሃ በሞላው በርሜል ውስጥ አስቀምጦ አቆየን፤ ሲቀዘቅዝ ለካው፤ እሱም አለፈ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ደስ አለኝ። ግን ደስታው ሙሉ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያለብኩትን ወተት እሷ በሦስት ቀን አወቀችው፤ ያልሠራሁትን አልሠራሁም ብዬ ማስረዳት ያልቻልኩትን እሷ አስረዳችልኝ። ቅናት ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ከቅናቱ በታች ደግሞ ውሃ ጨምረሽ ነበር ያለችኝ የዚያን ቀን ጥያቄዋ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ አላስችል አለኝ።

«ቀዝቅዞም ቢሰምጥ ኖሮ ምን ትይኝ ነበር?» አልኳት።

ባዶውን ቢዶን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ምን እልሻለሁ? ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር» አለች።

በክንዴ የያዝኩትን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። ማለዳው ገና አልሞቀም ነበር።