ምራቂ የከለከልሁበት ሱቅ

ሚዛኑን የገዛሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩ በቀይ መብራት የሚበራ፣ አንዲት ዛላ በርበሬ ቢጥሉበት እንኳ የሚያውቅ ሚዛን ነው። ዛሬ ቁም ሳጥኑ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ቤት የመጣ እንግዳ ሬዲዮ ይመስለዋል።

ነገሩ የተነሣው ከባሕር ዛፉ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለችው መሬታችን ዳር የተከለው ባሕር ዛፍ ለአጣና ደረሰና ሸጥሁት። በዕድሜዬ ያን ያህል ብር በአንድ ጊዜ ይዤ አላውቅም። ባንክ ባስገባውም ሐሳቡ ከእኔ አልወጣ አለ። ዘመዱ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ በግ አድልቢ ይለኛል፤ አንዱ እህል ገዝተሽ እስከ ክረምት አቆዪው ይለኛል፤ አንዱ ደግሞ ለእኔ አበድሪኝ ይላል።

ምራቴ ብቻ ምንም አላለችም። ልጄ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ የወሩን እኩሌታ መንገድ ላይ ነው፤ እሷና ትንሿ የልጅ ልጄ ከእኔ ጋር በእኔ ቤት ነበር የሚኖሩት። የምራቴ እጅ ለቅመም የተፈጠረ እጅ ነው። በርበሬ ያዘጋጀች እንደ ሆነ ጎረቤቱ ሽታውን ተከትሎ ጣሳ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ተቀምጠን የበርበሬ ዛላ ስንቀነጥስ እኔው ጀመርሁ።

"ሁሉም መክሮኛል፤ አንቺ ብቻ ዝም አልሽ። ምነው?"

"አልጠየቁኝማ፣ እማማ።"

"ይኸው ጠየቅሁሽ።"

"ባልትና ብንከፍትስ? በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድልህ። ብሩን እርስዎ፣ ሥራውን እኔ።"

"ብሩ ቢሰምጥስ?"

"ብሩ ከሰመጠ የኔም ወገብ አብሮ ሰመጠ ማለት ነው" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ትርፉ እኩል እንዲሆን ተስማማን። ምራቴ ናት ብዬ ነገሩን በቃል አልተውሁትም። የተማርሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ቢሆንም በራሴ እጅ ጽፌ ሁለታችንም ፈረምንበት። የሰፈሩ ሰው "ከምራቷ ጋር ውል የምትፈራረም አማት" ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ አኮራኝ። እኔ ምራት በነበርሁበት ዘመን የደከምሁበት ሁሉ የአማቴ ነበር፤ በእኔ ቤት እንዲህ አይደረግም ብዬ ማልሁ። አሁን ሳስበው በወረቀቱ ላይ እኩል ብዬ ጻፍሁ እንጂ በልቤ ሱቁ የእኔ ነበር።

ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየን። በርበሬውን ከቡሬ አስመጣን፤ በሸራ አስጥተን፣ ደመና በመጣ ቁጥር እየተሯሯጥን እያነሣን፣ አድርቀን አስፈጨነው። ሁዳዴ ሲገባ የሽሮው ገበያ ደራ። ጠዋት በሩን ስንከፍት ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ እናገኛለን።

ምራቴ አንድ ልማድ ነበራት። የሷም ብቻ አይደለም፤ በአገራችን ገበያ ሁሉ ያለ ነው። ልኩን ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ገዢው ፌስታሉን እንደ ከፈተ "መርቂልኝ እንጂ!" ይላል። እሷም አንድ እፍኝ ትጨምርበታለች። ይኸ ነው ምራቂ። እየጨመረች "ለልጆችዎ ይሁን"፣ "የጤና ያድርግላችሁ" ትላለች። ሰውየው ከዋጋው ይልቅ በዚያች እፍኝ ተደስቶ ይሄዳል።

እኔ ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ሳይ ደግሞ አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። ደፈር ያለው ሁለቴ ይመረቅለታል። ከሰፈራችን ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ አፏ የማያርፍ፣ ጥሩ ደንበኛ። እሷ ሦስት እፍኝ ሳታስጨምር አትወጣም። ኮብልስቶን የምትሸከም አንዲት የቀን ሠራተኛ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሩብ ኪሎ በርበሬ ትገዛለች። አንገቷን ደፍታ ገብታ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። መርቂልኝ ስትል አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። ምራቴም እፍኝ ስትጨምርላት አላየሁም።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ይጁቤ ገበያ እንሄድ ነበር። እህል ሻጩ ለባለጸጋው ሚስት ቁናውን እስኪፈስ ይቆልልላታል፤ የእናቴ ተራ ሲደርስ በመዳፉ ጠርጎ ልክ ያደርገዋል። እናቴ ምንም አትልም ነበር። ያ የሰውየው መዳፍ ከዓይኔ አልወጣ ብሎ ነው መሰለኝ ሚዛኑን የገዛሁት።

ገዝቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁት። በካርቶን ላይም በትልልቁ ጻፍሁ፦ ምራቂ የለም፤ ለሁሉም እኩል። ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ከእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ዋጋ ቀነስሁ። ደፋሩም ዓይን አፋሩም ከቅናሹ እኩል ይጠቀማሉ ብዬ አሰላሁ። ስሌቱ ዛሬም ትክክል ነው። ሞኝነቴ እሱ ላይ አልነበረም።

"እማማ፣ ይኸ ነገር ይቅርብን" አለች ምራቴ ካርቶኑን አይታ።

"ለምን? አድልዎ ይሻላል?"

"አድልዎ አይደለም። ሰው በሚዛን የተሰጠውን በብሩ ገዛሁት ይላል። እፍኟን ግን ሰጠችኝ ይላል።"

"ዋጋ ቀንሼለታለሁ እኮ!"

"የቀነሱትን ማን ያየዋል?"

አልሰማኋትም። ጠላ ሻጯ መጣች። ሁለት ኪሎ ሽሮ ተመዘነላት። ፌስታሉን ከፍታ ቆመች፤ እኔ ካርቶኑን በጣቴ አሳየኋት።

"ማንበብ አልችልም" አለች፤ ትችላለች።

"ምራቂ የለም ነው የሚለው።"

"እንዴ! እትዬ፣ ይኸ ሱቅ ነው ወይስ ፍርድ ቤት?"

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። "እንግዲህ ጠበቃ ይዘን ልንመጣ ነዋ!" አለ አንዱ ከኋላ። እኔም መልስ አላጣሁም፤ "አንቺ በምራቂ የወሰድሽው ሽሮ ለሌላ ሰው ሠርግ ይበቃ ነበር" አልኋት። የሷ ሳቅ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሱቃችንን አልረገጠችም። የሷ ጠላ ቤት ደግሞ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ የሚቀዳበት ነው።

ሰዉ እየሳሳ ሄደ። ጠዋት በራችን ላይ የሚቆም ጠፋ። ምራቴ አንድም ቀን ብዬዎት ነበር አላለችኝም። ዝም ብላ ትቆላለች፣ ታስፈጫለች፣ ትነፋለች። ለእኔ ዝምታዋ እልህ መሰለኝ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሳልጠበቅ ቀደም ብዬ ተመለስሁ። ሱቁ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው አለ። ምራቴ ለአንዲት አሮጊት ግማሽ ኪሎ በርበሬ መዝና ጎንበስ አለች፤ ከባንኮኒው ሥር ካለ የቆርቆሮ ጣሳ አንድ እፍኝ ዘግና ፌስታሉ ውስጥ ጨመረች። ደሜ ፈላ። ፌስታሉን ከአሮጊቷ እጅ ወስጄ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥሁት። ቁጥሩ ከግማሽ ኪሎ አለፈ።

"ይኸን ታያላችሁ?" አልሁ ለሰዉ። "ከጀርባዬ የእኔን ሀብት ትበትናለች። ሌባ በቤቴ አኑሬያለሁ!"

አሮጊቷ "ኧረ በእግዜር፣ መልሱት" አለች። ምራቴ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ሽርጧን ፈታች፤ አጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

"ጣሳው የራሴ ነው፣ እማማ" አለች ቀስ ብላ። "ከድርሻዬ የገዛሁት በርበሬ ነው። ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ።"

ወጣች። ደብተሩን ገለጥሁ። እውነቷን ነው፤ በየሳምንቱ ከራሷ ትርፍ ላይ ሁለት ሁለት ኪሎ ቀንሳለች። የእኔን ድርሻ አልነካችም። የሄዱብንን ደንበኞች ከራሷ እየሰጠች ልትመልስልኝ ኖሯል።

ያን ዕለት ማታ ቤት ገብቼ አንድ ቃል ባወጣ ኖሮ ይበቃ ነበር። አላወጣሁም። ሌላውን ስወቅስ አንደበቴ የተባ ነው፤ ለራሴ ጥፋት ሲሆን ግን ይተሳሰራል። እራቷን አቀረበችልኝ፤ በላሁ። በሳምንቱ ልጄ ሲመለስ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አንድ ክፍል ተከራይተው ወጡ። ልጄ ዕቃ ሲጭን "እማዬ፣ በወረቀት የተፈራረምሽላትን በአፍሽ ቀደድሽው" አለኝ። ትንሿ የልጅ ልጄ ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ መስሏት በደስታ ትዘል ነበር።

ሱቁን ብቻዬን ያዝሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ያቺ ድንጋይ ተሸካሚዋ መጣች። ሩብ ኪሎ መዘንሁላት፤ ሚዛኑ ሁለት መቶ ኀምሳ ላይ ቀጥ አለ። ፌስታሉን በእጇ ከፍ ዝቅ አደረገችው። አልሄደችም።

"ምነው ልጄ?"

"አይ… ዛሬ አነሰ እንዴ እናቴ?"

መልሼ መዘንሁት። ቁጥሩን አሳየኋት። "ይኸው፣ ሩብ ነው።"

"እሺ" አለች አፍራ። "ልጅቷ የምትሰጠኝ ከዚህ ይበልጥ ነበር። እኔ ሩብ ማለት ያ መስሎኝ ነው።"

ሄደች። እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥሁ። ለካስ ምራቴ ለሷ እፍኝ የማትጨምርላት ቀድማ አትርፋ ስለምትሰፍርላት ነው። ሴትዮዋ እንዳታፍር፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ እሷ ራሷም እንዳታውቀው። እኔ ያን ሁሉ ወራት እጇን ስጠብቅ አንድ ቀን ሚዛኑን አላየሁም።

ክረምቱ ሲገባ ሱቁን ዘጋሁ። የማርቆስን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ የቀረው በርበሬ እርጥበት ጠጥቶ ሻገተ፤ ያልሻገተውን ለጅምላ ነጋዴ በጠራልኝ ዋጋ ሰጠሁት። ከባሕር ዛፉ ብር የቀረኝ ጥቂት ነው። ሰዎች ሲያጽናኑኝ ስለ ብሩ ነው የሚያጽናኑኝ። ባሕር ዛፍ እኮ ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ሁለት ሽማግሌ ላክሁባት። "እማማን አልተቀየምሁም" ብላ፣ አብልታ አጠጥታ ላከቻቸው። የልጅ ልጄን በበዓል በበዓል ትሰድልኛለች። የሚነቀፍ አንድም ነገር የለባትም። ግን እኔ በሰው ፊት የሰደብኋትን በሽማግሌ ጓዳ ለጓዳ ልጨርሰው መሞከሬ ራሱ ፍርደ ገምድልነት ነበር። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ እኔ ነበርሁ ፊት ለፊት የምነግረው።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ሚዛኑን በዘንቢል ይዤ ገበያ ወጣሁ። ምራቴ ከላስቲክ ጥላ ሥር ሽሮና በርበሬ ዘርግታ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። ሰው ተሰልፏል። ጠላ ሻጯም አለች። ወረፋ ያዝሁ። ያዩኝ "እርስዎማ ይለፉ" አሉኝ፤ አላልፍም አልሁ። ተራዬ ደረሰ።

"እማማ!" አለች ብድግ ብላ። "እንዴት አደሩ? ምን ልስጥዎ?"

"አንድ ጣሳ በርበሬ።"

ሰፈረች። እፍኟን ጨመረች፤ ከፊቴ ለነበረችው እንደ ጨመረችው ያህል። ብሩን ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝ። ያን ጊዜ ወደ ሰልፉ ዞርሁ።

"ከእናንተ ውስጥ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የነበረ ካለ ይስማኝ። ይቺን ልጅ ሌባ ያልሁ እኔ ነኝ። ጣሳው የራሷ ነበር። የበደልሁ እኔ ነኝ።"

ጠላ ሻጯ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አንድ የተቻኮለ ሰው ከኋላ "እናቴ፣ እግዜር ይቅር ይበልዎት፤ ግን ወረፋው…" አለ።

ሚዛኑን ከዘንቢሉ አወጣሁ። "ይኸ ላንቺ ነው፤ እኔ ምን ያደርግልኛል።"

ምራቴ ሚዛኑን አየችው። ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ነበር፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

"ሰምቼዎታለሁ፣ እማማ" አለች። "እሱን ግን ይያዙት። እኔ ጣሳውን ለምጄዋለሁ።" ቀጥላም ከኋላዬ የቆመውን ሰውዬ "ለርስዎ ምን ልስጥ?" አለችው።

ዘንቢሉን አንጠልጥዬ ዳገቱን ወጣሁ። ቤት ገብቼ በርበሬውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጥሁት፤ ልማድ ነውና ተውሁት ብዬ አልዋሽም። ቀዩ ቁጥር በራ። ጣሳው ስንት እንደሚይዝ ስለማላውቅ፣ የትኛው የገዛሁት፣ የትኛው የሰጠችኝ እንደ ሆነ ልለየው አልቻልሁም። ብዙ ጊዜ ቆሜ ቁጥሩን አየሁት። ከዚያ አጥፍቼ ጨርቁን አለበስሁት።